ከደሴ ቁልቁለት በፊት፦ የኋላ ፍሬን ግፊት ማመጣጠኛ ቫልቭና ልኩ የሆነ የቱቦ መገጣጠሚያ እንዴት ይመረጣል?

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አጭር ርቀት መኪናው 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ጭነቱን ጨምሮ 2,700 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክአፕ በዚህ ቁልቁለት ላይ የሚያወጣው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢለወጥ 50 ሊትር ያህል የደሴ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ካልወረደ ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በዲስኩና በሸራው ላይ ነው። በየጋራዡ ስለ ሸራ ጥራትና ስለ ፍሬን ዘይት ብዙ ይወራል፤ ግፊቱን ለፊትና ለኋላ እግር የሚያከፋፍለውን ትንሽ ቫልቭ ግን የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። የሚታወሰውም ብዙ ጊዜ ተፈትቶ ከተጣለ በኋላ ነው።

መመሪያው በፍሬን ዘይት ለሚሠሩ ፒክአፖች፣ ሚኒባሶችና የቤት መኪኖች ነው። በአየር ፍሬን የሚቆሙትን ትልልቅ የጭነት መኪኖች አይመለከትም። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆልፍ የሚከላከል በኮምፒውተር የሚሠራ ሥርዓት) ያለው መኪና ያላችሁም በዚህ መሠረት አንዳች ነገር አትጨምሩ፤ የኋላውን ግፊት ኮምፒውተሩ ራሱ የሚቆጣጠርበት ሥርዓት ላይ ተጨማሪ ቫልቭ መግጠም ሥራውን ማበላሸት ነው።

ቫልቩ ለምን አስፈለገ?

ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይዛወራል። የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ፣ መሬት የመያዝ አቅማቸውም ይቀንሳል። የፊት ጎማዎች ቀድመው ከቆለፉ መሪው አልታዘዝ ይላል እንጂ መኪናው አቅጣጫውን እንደያዘ ይንሸራተታል፤ ሾፌሩ ፔዳሉን ላላ ሲያደርግ መሪው ይመለስለታል። የኋላ ጎማዎች ቀድመው ከቆለፉ ግን የመኪናው ጅራት ወደ ጎን ይወጣና ይሽከረከራል። ያን ጊዜ ማንም ሾፌር አይመልሰውም። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ ፊቱ ቀድሞ ይቆልፍ፣ ኋላው ግን በተቻለ መጠን ተጠግቶ ይከተል።

ምን ያህል ክብደት እንደሚዛወር በቀላል ሒሳብ ይገኛል። ጠቅላላ ክብደቱን በፍሬኑ ጥንካሬ አባዙ፣ የመጣውን በክብደት ማዕከሉ ቁመት አባዙ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ አክስል መካከል ላለው ርቀት አካፍሉ። ለምሳሌ ባዶውን 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ በአክስሎቹ መካከል 3 ሜትር ርቀት ያለው፣ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ላይ የሆነ ፒክአፕ እንውሰድ። ቆሞ ሳለ ፊቱ 1,044፣ ኋላው 756 ኪሎ ግራም ይሸከማል እንበል። በደረቅ አስፋልት ላይ የመሬት ስበትን 70 በመቶ በሚያህል ኃይል ፍሬን ሲይዝ 294 ኪሎ ግራም ወደ ፊት ይዛወራል። ኋላው የሚቀርለት 462 ኪሎ ግራም፣ ማለትም የጠቅላላው ሩብ ያህል ብቻ ነው።

በዚሁ መኪና ላይ 900 ኪሎ ግራም ጤፍ ይጫን። አብዛኛው ክብደት በኋላው አክስል ላይ ስለሚያርፍ ኋላው ወደ 1,600 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ጭነቱ የክብደት ማዕከሉን ወደ 85 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢያደርገውና በተመሳሳይ ኃይል ፍሬን ቢያዝ፣ የሚዛወረው 535 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ለኋላ የሚቀረው ግን ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ፣ የጠቅላላው 39 በመቶ ይሆናል። ያው መኪና፣ ያው ፔዳል፤ የኋላው ፍሬን ሊሸከመው የሚችለው ሥራ ግን ከእጥፍ በላይ አደገ። ቫልቭ መምረጥ ማለት ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ጋር መደራደር ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

«ኋላው ይቆልፋል» ተብሎ ከሚመጣ መኪና ውስጥ ብዙው የቫልቭ ችግር የለበትም። የፊት ካሊፐር ፒስተን በዝገት ተይዞ ፊቱ በደንብ ስለማይይዝ ኋላው ቀድሞ ይቆልፋል። ከአክስሉ ያፈሰሰ ዘይት ወይም ከሲሊንደሩ የወጣ ፍሬን ዘይት የነካው የኋላ ሸራ ድንገት ይነክሳል። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ከመጠን በላይ ተወጥሮ ሊሆን ይችላል። ከኋላ ያለቀ ጎማ፣ ከፊት አዲስ ጎማ ማድረግም እንዲሁ ያደርጋል።

«ኋላው አይይዝም» የሚባለውም ብዙ ጊዜ በታምቡሩና በሸራው መካከል ክፍተት ስለበዛ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አራቱን እግር ፈትታችሁ እዩ፣ ፒስተኖቹ በእጅ ኃይል ተገፍተው መመለሳቸውን አረጋግጡ፣ የሸራውን ክፍተት አስተካክሉ። ይህን ሳያደርግ ቫልቭ የሚሸጥላችሁን ሰው አመስግናችሁ እለፉት።

በመኪናችሁ ላይ ያለው የትኛው ነው?

የመጀመሪያው ዓይነት ቋሚ ቫልቭ ነው። ብዙ ጊዜ ከማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ዋና ሲሊንደር) ጋር ተያይዞ ወይም ሞተር ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ይገኛል። እስከ አንድ የግፊት መጠን ድረስ ለፊትም ለኋላም እኩል ያስተላልፋል፤ ከዚያ ነጥብ በኋላ ለኋላ የሚያልፈውን በተወሰነ ምጣኔ ይቀንሳል። የመቀነሻው ነጥብ 30 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፣ ምጣኔው 0.4 ቢሆን፣ ፊቱ 80 ባር ሲደርስ ኋላው 50 ባር ላይ ነው ያለው። ሁለቱም ቁጥሮች ፋብሪካ ውስጥ ለዚያ መኪና ክብደት የተሰሉ ናቸው። ስለዚህ በመልክ ስለተመሳሰለ ብቻ ከሌላ መኪና የተፈታ ቫልቭ አትግጠሙ፤ ውስጡ ያለውን ስፕሪንግ ዓይን አያየውም።

ሁለተኛው ጭነትን የሚያውቅ ቫልቭ ነው። ሃይሉክስን በመሰሉ ፒክአፖችና በብዙ የጭነት ሚኒባሶች ላይ ያለው ይህ ነው፤ የጥንቶቹ ላዳዎችም አላቸው። ቫልቩ ከኋላ በሻንሲው ላይ ይታሰራል፣ ከእሱ የሚወጣ ዘንግ ወይም ስፕሪንግ ደግሞ ከአክስሉ ጋር ይያያዛል። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፣ ዘንጉ ቫልቩን ይገፋል፣ ለኋላ የሚያልፈው ግፊት ይጨምራል። ቶዮታ በብዙ ፒክአፖቹ ላይ ሌላም ሥራ ሰጥቶታል፤ የፊት መስመር ተበጥሶ ግፊት ካጣ ቫልቩ መቀነሱን ትቶ ሙሉውን ግፊት ለኋላ ያሳልፋል። ለዚህም ሲባል ከፊት መስመር የሚመጣ አንድ ተጨማሪ ቱቦ ይገባበታል። ቱቦዎቹን ቁጠሩ፤ ከሁለት በላይ ከሆኑ ሁለት ቀዳዳ ባለው ቫልቭ ሊተካ አይችልም፤ የሚተካም ሰው ያንን የመጠባበቂያ ሥራ እያጠፋ መሆኑን ይወቅ።

ሦስተኛው በእጅ የሚስተካከል ቫልቭ ነው። ወይ የሚዞር ጉልላት አለው፣ ወይ ደረጃ በደረጃ የሚንቀሳቀስ ማንሻ። ስሙ ከታወቀው የዊልዉድ ምርት ባለ ጉልላቱ የኋላውን ግፊት እስከ 57 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ጉልላቱ የሚቀይረው መቀነስ የሚጀምርበትን ነጥብ እንጂ ምጣኔውን አይደለም፤ ይህን ማወቅ ሲፈትኑ ይጠቅማል። በእሽቅድምድም መኪኖች ላይ ደግሞ ሁለት ማስተር በአንድ ፔዳል ላይ ገጥሞ በመካከላቸው ሚዛን የሚያደርግ ዘንግ አለ፤ ወሎ ውስጥ የሚያስፈልገው ሰው ስለማላውቅ አልፈዋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለቤት መኪና ባለቤቶች። ቪትዝንና ኮሮላን በመሰሉ ፊት ነጂ መኪኖች ላይ የፍሬን መስመሩ በብዛት ሰያፍ ነው፤ አንዱ መስመር የግራ ፊትንና የቀኝ ኋላን፣ ሌላው የቀኝ ፊትንና የግራ ኋላን ይይዛል። ስለዚህ ለኋላ የሚሄደው አንድ ቱቦ ሳይሆን ሁለት ነው። አንድ የሚስተካከል ቫልቭ ለመግጠም ሁለቱን መስመሮች የሚቀላቅል ሰው መኪናውን ሁለት የነበረውን መጠባበቂያ አሳጣው ማለት ነው፤ አንድ ቦታ ቢያፈስ አራቱም እግር ያለ ፍሬን ይቀራል።

ባሌስትራ የተጨመረበት መኪና

ወሎ ውስጥ የማመጣጠኛ ቫልቭ ችግር ዋናው ምንጭ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ረዘም አድርጌ የምሄድበትም ለዚሁ ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ የሚጭን፣ ከቆቦ ማሽላ፣ ከሐይቅ አትክልት የሚያመላልስ ፒክአፕ ሁሉ አንድ ቀን ባሌስትራ ያስጨምራል። ባሌስትራው ሲጨመር ሻንሲው ከአክስሉ ይርቃል። ቫልቩ ደግሞ የሚያውቀው ክብደትን ሳይሆን ርቀትን ብቻ ነው። ርቀቱ ሲሰፋ «መኪናው ባዶ ነው» ብሎ ያምናል፣ የኋላውንም ግፊት ይቀንሳል። ከዚያም መኪናው 1,000 ኪሎ ግራም ጭኖ ከደሴ ሲወርድ ሻንሲው እንደ ድሮው ስለማይጠጋ ቫልቩ ባዶነቱን ማመኑን አይተውም። ሥራው ሁሉ የፊት ዲስክ ላይ ይወድቃል። ሾፌሩ የሚያየው ምልክት የፊት ፓድ ቶሎ ማለቁ፣ ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ የሚሸት ሽታና ፔዳሉ እየረዘመ መሄዱ ነው።

ሾፌሩ ወደ ጋራዥ ይሄዳል። «ኋላው ጭራሽ አይይዝም» ይላል። ቫልቩ ይፈታና ቱቦው ቀጥታ ይገናኛል። ሲጫን ፍሬኑ ግሩም ሆነ! በማግሥቱ ባዶውን፣ በክረምት ዝናብ፣ በጭጋግ ውስጥ ሲመለስ ግን የኋላ እግሮቹ ከ462 ኪሎ ግራም ጋር የማይመጣጠን ሙሉ ግፊት ይደርሳቸዋል፤ ጅራቱም ይወጣል። ቫልቭ ፈትቶ ቀጥታ ማገናኘትን ማንም ባለሙያ እንደ ጥገና ሊቆጥረው አይገባም።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። ባሌስትራ ከመጨመሩ በፊት መኪናው ባዶ ሆኖ፣ በደልዳላ ቦታ በጎማው ላይ ቆሞ፣ ቫልቩ ባለበት በኩል ከሻንሲው ታችኛ ጠርዝ እስከ አክስሉ ላይኛ ጫፍ ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ለኩ። ባሌስትራው ከተጨመረ በኋላ እንደገና ለኩ። 45 ሚሊ ሜትር ከፍ ካለ፣ የዘንጉ አክስል ላይ የሚታሰርበትን ብረት በዚያው 45 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ከፍ የሚያደርግ ማያያዣ አሠሩ። ይህን ከወፍራም ላሜራ ማንም ጥሩ በያጅ ይሠራዋል፤ ዘንጉ ራሱ ግን በፍጹም አይታጠፍ፣ አይበየድም። ባሌስትራው አስቀድሞ የተጨመረበት መኪና ከሆነ ምንም ካልተነካ ተመሳሳይ ሞዴል ላይ ለክታችሁ ልዩነቱን ውሰዱ።

ይህ የባዶውን ሁኔታ ይመልሳል። የጭነቱን ግን ሙሉ በሙሉ አይመልስም፤ የጠነከረ ባሌስትራ በተመሳሳይ ጭነት የሚወርደው ባነሰ ርቀት ስለሆነ ቫልቩ ጭነቱን አሳንሶ ያየዋል። ማያያዣውን ከልኩ በላይ ከፍ አድርጎ ይህን ማካካስ የሚፈልግ አለ። አትፍቀዱለት፤ ለጭነቱ የተጨመረው ግፊት ባዶውን ሲሄድ ጅራቱን ያወጣዋል። የተሻለው መንገድ ባሌስትራውን መቀነስ ነው፤ ሁለት ቅጠል የጨመረ ሰው አንዱን ቢያስወጣ ፍሬኑም ተሳፋሪውም ያመሰግኑታል።

ቫልቩ ራሱ ደኅና መሆኑን ለማወቅ ዘንጉን ከአክስሉ ፈትታችሁ በእጅ አንቀሳቅሱት። ያለ መንከስ ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ አለበት። የአቧራ መከላከያ ጎማውን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ከሥሩ ፍሬን ዘይት ካለ ውስጡ አልቋል፣ ይቀየር። አስተማማኙ ፈተና ግን ሁለት የግፊት መለኪያ፣ እያንዳንዱ እስከ 150 ባር የሚለካ፣ አንዱን በፊት አንዱን በኋላ በአየር ማውጫው ቀዳዳ ላይ ገጥሞ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን መርገጥና ሁለቱን ንባብ በሞዴሉ የጥገና መጽሐፍ ካለው ሠንጠረዥ ጋር ማስተያየት ነው። መጽሐፉ ግፊቱ የሚለካበትን የኋላ አክስል ክብደትም ይናገራል፤ ያንን ክብደት ሳይጭኑ መለካት ትርጉም የለውም።

የሚስተካከለው ቫልቭ መቼ ይገጠማል?

ጭነት ለሚያመላልስ መኪና አይሆንም። ጉልላቱ ለአንድ ክብደት ብቻ ነው የሚስተካከለው፤ ጠዋት ባዶ፣ ከሰዓት ሙሉ የሚሆን መኪና ሾፌሩ ስንት ጊዜ ወርዶ ሊያዞረው ነው? ለጭነት መኪና ጭነት የሚያውቀውን ቫልቭ፣ የዚያኑ ሞዴል ቁጥር የያዘውን፣ አዲሱን ግዙ።

የሚስተካከለው ቦታ የሚኖረው የፍሬኑ አሠራር ሲቀየር ነው። ፊቱ ታምቡር የነበረን አሮጌ ላንድሮቨር ወደ ዲስክ የቀየረ፣ ከሌላ መኪና አክስል የገጠመ፣ ወይም ፋብሪካው የሠራው ቫልቭ ጨርሶ የማይገኝለት መኪና ያለው ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ሁልጊዜ ወደ ኋላ በሚሄደው መስመር ላይ እንጂ በፊቱ ላይ አይገጠምም። ነባሩ ቋሚ ቫልቭ ከቆየ ሁለቱ በተከታታይ እንዲሠሩ አይደረግም፤ አንዱ ከቀነሰው ሌላው እየቀነሰ የሚፈለገው መጠን አይገኝም። ቦታውም ከጭስ ማውጫው የራቀ፣ ድንጋይ የማይመታው፣ ልጆች የማይደርሱበት ይሁን። ማንሻው ጋቢና ውስጥ የሆነውን ዓይነት ለመንገድ መኪና አልመክርም።

ጥርሱ ገባ ማለት ልኩ ነው ማለት አይደለም

አሁን ወደ ቱቦው እንምጣ። ደሴ ወይም ወልድያ ላይ ያላገኛችሁትን ዕቃ ከአዲስ አበባ ታዛላችሁ። መርካቶ ሱማሌ ተራ ያለው ሻጭ በስልክ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «የምን መኪና ነው ወንድሜ?» ብሎ ነው። «የሃይሉክስ» የሚለው መልስ አይበቃም። 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ የተሳሳተ ዳዶ መልሶ 400 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከመደወላችሁ በፊት አራት ነገር በወረቀት ይኑራችሁ፤ የቱቦው ውጫዊ ውፍረት፣ የዳዶው ጥርስ ውፍረትና እርምጃ (ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት)፣ የቱቦው አፍ ቅርጽ፣ የቀዳዳው ሥር ቅርጽ።

የጃፓን መኪኖች በብዛት የሚጠቀሙት 4.75 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦና ኤም 10 በ1 ጥርስ (ውፍረቱ 10፣ እርምጃው 1 ሚሊ ሜትር) ያለው ዳዶ ነው፤ ቁልፉም 10 ቁጥር ነው። ከበድ ባሉት ላይ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቱቦ ከኤም 12 በ1 ጋር ታገኛላችሁ። የአውሮፓ መኪኖችም ኤም 10 በ1 ይጠቀማሉ፤ ቁልፋቸው ግን ብዙ ጊዜ 11 ቁጥር ነው፤ የቱቦው አፍም ይለያል። የአሜሪካና የጥንት የእንግሊዝ መኪኖች በኢንች ናቸው፤ ለ3/16 ኢንች ቱቦ 3/8 ኢንች በ24 ጥርስ፣ ማለትም በአንድ ኢንች ርዝመት 24 ጥርስ። በአሜሪካኖቹ ላይ ለ1/4 ኢንች ቱቦ 7/16 ኢንች በ24 ጥርስ ይመጣል። ኤም 10 በ1.25 የሆነም አለ፤ ስለዚህ «10 ነው» ብቻ አትበሉ።

አደገኛው ነገር እዚህ ላይ ነው። 3/8 ኢንች ማለት 9.525 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ24 ጥርስ ሲሆን እርምጃው 1.058 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከኤም 10 በ1 ጋር በዓይን መለየት አይቻልም። የኢንቹን ዳዶ ኤም 10 ቀዳዳ ውስጥ ስትከቱት በጣት ያለ ምንም ችግር ይገባል፤ ደስም ይላል። ነገር ግን ወደ ጎን ስትነቀንቁት ይወዛወዛል፤ በቁልፍ ሲጠብቅም የያዘ ይመስልና ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥ ጥርሱ ይላጣል። በተቃራኒው ኤም 10 ዳዶ በ3/8 ቀዳዳ ውስጥ አንድ ዙር ገደማ ሄዶ ይነክሳል፤ በግድ ያዞረው ሰው ቫልቩን አበላሸ። ልኩ የሆነ ዳዶ በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው ይገባል፣ ሳይጠብቅም ቢሆን አይወዛወዝም። የጥርስ መለኪያ ምላጭና ቨርኒየር ከሌላችሁ የማያጠራጥር ነባር ዳዶ ከመኪናው ፈትታችሁ ከአዲሱ ጋር ጥርስ ለጥርስ አጋጥማችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ በመካከላቸው ብርሃን ካለፈ ይለያያሉ።

ጥርሱ ብቻውን ፍሬን ዘይት አይከለክልም። የሚከለክለው የቱቦው አፍና የቀዳዳው ሥር ተጨፍልቀው ሲገናኙ ነው። ሁለት ዋና ቅርጾች አሉ። የጃፓንና የአሜሪካ መኪኖች የሚጠቀሙት ወደ ውስጥ የታጠፈ ድርብ አፍ ሲሆን ቱቦው ጫፉ ላይ እንደ ቀንደ መለከት ተከፍቶ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የአውሮፓው የእንጉዳይ ራስ የመሰለ ክብ አፍ ነው። በባትሪ መብራት ቀዳዳው ውስጥ ተመልከቱ። ሥሩ ላይ ወደ እናንተ የወጣ ሾጣጣ ካለ የሚፈልገው ድርብ አፍ ነው፤ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ከሆነ ክቡን አፍ ይፈልጋል። አንዱን በሌላው ላይ አጥብቆ ማስያዝ ይቻላል፤ ለጊዜውም ላያፈስ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ግን ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥ በመስመሩ ውስጥ 100 ባር ሊደርስ ይችላል።

ሌላም ወጥመድ አለ። የሚስተካከሉት ቫልቮች ከእሽቅድምድም ዓለም ስለመጡ አንዳንዶቹ 37 ዲግሪ መቀመጫ ካለው ባለ ሦስት ቁጥር መገጣጠሚያ ጋር ይመጣሉ። የዚህ ጥርስ ልክ ያው 3/8 በ24 ነው፤ ከአሜሪካው የመኪና ዳዶ ጋር ያለ ጥርጥር ይገጥማል። የመኪናው አፍ ግን 45 ዲግሪ ነው። ጥርሱ ተስማማ፣ መቀመጫው አልተስማማም። ሌሎች ቫልቮች ደግሞ እየጠበበ የሚሄድ የ1/8 ኢንች የቧንቧ ጥርስ አላቸው፤ ይህ ወደ መኪናው ዳዶ የሚያሻግር መገጣጠሚያ ይፈልጋል። ስትገዙ ከቻላችሁ ለጃፓን መኪና በኤም 10 በ1 ቀዳዳ የተሠራውን ጠይቁ፤ ማሻገሪያ በበዛ ቁጥር የሚያፈስበት ቦታም ይበዛል። አፍ ባለው መገጣጠሚያ ላይ የቧንቧ ሠራተኛ ነጭ ቴፕ አይጠመጠምም፤ ቁራጩ ገብቶ የቫልቩን ቀዳዳ ሊዘጋ ይችላል። ቀለበት ጨፍልቀው የሚይዙት የውሃና የጋዝ መገጣጠሚያዎችም ለፍሬን አይሆኑም።

ቱቦውን መሥራት

ከብረት ከተሠራና ዝገት መከላከያ ከተቀባ ወይም 90 በመቶ መዳብና 10 በመቶ ኒኬል ከሆነ ቱቦ አንዱን ምረጡ። ሁለተኛው በእጅ ይታጠፋል፣ አይዝግም፣ አፉም በቀላሉ ይከፈታል። ንጹሕ መዳብ፣ ለማቀዝቀዣ የሚሸጠው፣ በንዝረት እየጠነከረ ሄዶ ስለሚሰነጠቅ አትጠቀሙበት።

ቱቦውን በሴጌቶ ሳይሆን በቱቦ መቁረጫ ቁረጡ። የውስጥና የውጭ ጠርዙን አለስልሱ። ዳዶውን አፉን ከመክፈታችሁ በፊት አስገቡ፤ ይህን ሳይረሳ የሠራ መካኒክ ካለ አላየሁም። አፉን በመክፈቻው መሣሪያ ሁለት ጊዜ ተጫኑ፤ መጀመሪያ በማስገቢያው፣ ቀጥሎ በሾጣጣው። ከዚያ ወደ ብርሃን ይዛችሁ እዩ። የተሰነጠቀ ወይም ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ አፍ ተቆርጦ ይጣላል። ውስጡን በአየር ንፉ።

ቱቦው ሲታሰር በየ30 ሳንቲ ሜትሩ መያዣ ይኑረው፣ ከጭስ ማውጫና ከሹል ጠርዝ ይራቅ፣ ከማስተሩ አጠገብ አንድ ዙር ተጠምዝዞ ንዝረቱን ይቀበል። ኤም 10 ዳዶ ሲጠብቅ 15 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ቱቦውን ከብቦ የሚይዘውን፣ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነውን የቱቦ ቁልፍ ተጠቀሙ፤ ተራው ቁልፍ የዳዶውን ማዕዘን ያሟልጠዋል፣ ፒንሳ ደግሞ ጭራሽ ይጨርሰዋል።

ዘይትና አየር

ዶት 3 የሚል ደረጃ ያለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው 140 ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ለእኛ ቁልቁለት ዶት 4 ምረጡ፣ በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት። ሲሊኮን የሆነውን ዶት 5 ከእነዚህ ጋር አትቀላቅሉ።

ቱቦና ቫልቭ ሲነካ አየር መግባቱ አይቀርም። ጭነት የሚያውቅ ቫልቭ ያለው መኪና አየር ሲወጣለት በክሪክ ተንጠልጥሎ አይሁን፤ አክስሉ ሲንጠለጠል ቫልቩ ይዘጋል፣ ዘይቱም በደንብ አያልፍም። በጎማው ላይ ይቁም፣ ወይም ክሪኩ ከአክስሉ ሥር ይግባ። ከማስተሩ ከሚርቀው እግር ጀምራችሁ ወደሚቀርበው ኑ። በሃይሉክስ ዓይነቱ ቫልቩ ራሱ ላይ አየር ማውጫ አለ፤ እግሮቹ ካለቁ በኋላ እሱን አትርሱት። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ አንድ ሰው አጥብቆ ይርገጥ፣ ሌላው እያንዳንዱን ዳዶ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ይመልከት።

ማስተካከልና መሞከር

የሚስተካከል ቫልቭ ከገጠማችሁ መጀመሪያ የኋላውን ግፊት እስከ መጨረሻው ቀንሱት። ዕቃው ላይ የታተመውን ምልክት እዩ፤ የሚጨምርበት አቅጣጫ እንደ ሠሪው ይለያያል። ለሙከራው ደልዳላና ቀጥ ያለ፣ ትራፊክ የሌለበት ደረቅ አስፋልት ፈልጉ፤ የቆቦ ሜዳ ይመቻል፣ የደሴ ቁልቁለት በፍጹም አይሆንም። መኪናው ባዶ ይሁን፣ ከሾፌሩ በቀር ሰው አይኑርበት፤ ሁለት ሰዎች ከመንገዱ ግራና ቀኝ ራቅ ብለው ቆመው የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደቆለፈ ይመልከቱ።

ደረቅና ባዶ የምለው በምክንያት ነው። መሬቱ በደንብ በያዘ ቁጥር ፍሬኑ ይጠነክራል፣ ወደ ፊት የሚዛወረው ክብደት ይበዛል፣ ኋላው ይቀላል። በዚህ ሁኔታ ፊቱ ቀድሞ የሚቆልፍ መኪና በዝናብም ፊቱ ቀድሞ ይቆልፋል። በእርጥብ አስፋልት የተስተካከለ መኪና ግን በደረቅ ቀን ጅራቱን ሊያወጣ ይችላል።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ጀምሩ። ፊቱ ብቻ ከቆለፈ ለኋላው ጥቂት ጨምሩና ድገሙ። ኋላው ከፊቱ እኩል ወይም ቀድሞ የቆለፈበት ነጥብ ላይ ስትደርሱ ቁሙ፣ ከዚያም ፊቱ ያለ ጥርጥር ቀድሞ እስኪቆልፍ መልሳችሁ ቀንሱ። በ60 አረጋግጡ። በየሙከራው መካከል ዲስኩ እንዲበርድ ጊዜ ስጡት፤ የጋለ ፊት ደካማ ስለሚሆን ውጤቱን ያሳስታል። ለቦሎ ምርመራ የሚያገለግለው ባለ ሮለር መፈተሻ በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ይጠቅማል፤ እዚያ ላይ ክብደት እንደ መንገድ ላይ ወደ ፊት ስለማይዛወር ለዚህ ማስተካከያ አትመኩበት።

ልኩ ሲገኝ ጉልላቱን በማሰሪያው አጥብቁት፣ በቀለም ምልክት አድርጉበት። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶዎቹን በደረቅ ጨርቅ እንደገና ጥረጉ፤ እርጥብ የሆነ ካለ በኃይል ከማጥበቅ ይልቅ ፈትታችሁ አፉን እዩት። የጎማ ልክ፣ የሸራ ዓይነት ወይም ባሌስትራ በተቀየረ ጊዜ ሙከራው ከመጀመሪያው ይደገማል።